በዚህ ዕድሜህ ዶቅዶቄ?

ከአማርኛ ውስጥ ሁለት ቃላት መርጠህ ጣል ብባል የምጥላቸውን አውቃለሁ፤ «በዚህ ዕድሜ?» የሚሉትን። ልብ በሉልኝ፣ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አለ እንጂ ጥያቄ አይደለም። መልስ የሚፈልግ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ፍርድ ነው፤ ያውም ይግባኝ የሌለው። አምሳን የተሻገረ ሰው ክራር ልማር ሲል «በዚህ ዕድሜ?»፣ የማታ ትምህርት ልግባ ሲል «በዚህ ዕድሜ?»፣ ዋና ልልመድ ሲል «በዚህ ዕድሜ?»። ሴት ከሆነች ደግሞ አምሳን መጠበቅ እንኳ አያስፈልግም፤ ሁለት ሦስት ልጅ ከወለደች በሠላሳዋም ይፈረድባታል።

ይህ ፍርድ ሰሞኑን የተፈረደበት አንድ ሰው አውቃለሁ። ሰውየው የሐራ ሰው ነው። ሐራን የማያውቅ አንባቢ ካለ፦ ሰሜን ወሎ ውስጥ፣ መርሳንና ወልዲያን ጎረቤት አድርጋ ፊቷን ወደ አፋር ቆላ የሰጠች የገበያ ከተማ ናት። በጋዜጣ ስሟ የሚነሳው በባቡር ምክንያት ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል የሚመጣው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የባቡር መስመር መዳረሻው ሐራ ገበያ ነው። ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ሲዘገይ ሲዘገይ ከርሞ ጦርነቱ ደረሰበት። በግዕዝ ሐራ ማለት ጭፍራ ነው፤ በኦሮምኛ ደግሞ አዲስ ማለት ነው። የየጁ ሰው ሁለቱንም ቋንቋ ሲያመላልስ ስለኖረ፣ እኔ ለዛሬው ጽሑፌ ሁለተኛውን መርጫለሁ።

ሰውየው ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ሲያስተምር ኖሮ በስልሳው ጡረታ ወጣ። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆቹ ያደረጉት ይበቃዋል። ጡረታ በወጣ በማግሥቱ ሁለት ነገር አደረገ። አንድ፣ አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ያስወገደውን አሮጌ ያማሃ ሞተር ገዛ። ሁለት፣ ደብተር ገዝቶ ግጥም መጻፍ ጀመረ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንዳስደነገጠ ለመናገር ይከብዳል። በሞተሩ እየዞረ ከገጠር እናቶች ሙሾና እንጉርጉሮ ይለቅማል፤ ማታ ማታ የራሱን ይሞክራል። ይኸው ነው ወንጀሉ።

ልጆቹ ሽማግሌ ላኩበት። ሚስት ልትጋባ ነው ወይስ ልትፋታ ተብሎ ሽማግሌ ሲላክ ሰምተናል፤ ሞተር ለማስሸጥ ግን ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። አንድ ሼህ፣ አንድ ቄስ፣ አንድ የዕድር ዳኛ — ወሎ ነውና። ሼሁ ቀደሙና «መምህር፣ አላህ ዕድሜ ሰጠህ፤ ዕድሜህን አክብረው እንጂ» አሉት። «ሼሆቼ፣ ያከበርኩትማ ይኸው ይዤው እየዞርኩ አይደል? የናቀውማ ቤቱ አስቀምጦት ይተኛል» አላቸው። ቄሱ ደግሞ «ሰው ምን ይላል?» አሉ። ቄሱ የጠየቁት ነገር እውነተኛው ነጥብ ነው። በዚህች አገር ከሞት ቀጥሎ የሚፈራው «ሰው ምን ይላል» ነው። አንዳንዴ ሳስበው ከሞትም ይቀድማል።

እስቲ ይህን «ሰው» የተባለውን ፍርድ ቤት እንየው። በስልሳ ዓመቱ ከጠዋት እስከ ማታ ጫት ላይ ለተቀመጠ ሰው «በዚህ ዕድሜ?» አይልም። በስልሳ አምስት ዓመቱ የልጅ ልጁን የምታክል ልጅ ላገባ ሰው ድንኳን ይጥልለታል፤ «አቤት ጉልበት!» ይለዋል። ሰባ ሞልቶት ሥልጣን ላይ ለተቀመጠ ሰውማ ዕድሜ የሚባል ነገር ከናካቴው የለም፤ «ልምድ» ነው የሚባለው። በዕድር ስብሰባ ለሦስት መቶ ብር ሁለት ሰዓት ሙሉ ለሚጨቃጨቁ ሽማግሌዎች፣ በወንድሙ መሬት ሃያ ዓመት ፍርድ ቤት ለሚመላለስ አዛውንት «ዕድሜህን እወቅ» ያለ ሰው አላየሁም። አንድ አዛውንት ግን ራሱን ደስ የሚያሰኝ፣ ማንንም የማይጎዳ፣ በዚያ ላይ አዲስ የሆነ ነገር ሲጀምር አገር ይነሳል። እንግዲህ ቅሬታው ከዕድሜው ጋር አይደለም ማለት ነው። ቅሬታው ከመጀመሩ ጋር ነው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ የተፈቀደለት መጨረስ ብቻ ነው፤ መጀመር አልተፈቀደለትም።

ደግሞ አድልዎ አለበት። ወልዲያ የላሊበላ መንገደኛ መተላለፊያ ናትና ያገሬው ሰው ትልልቅ ሞተር የሚነዳ፣ ጺሙ የሸበተ ፈረንጅ ሳያይ አልቀረም። ያኔ ምን እናደርጋለን? እንከባለን። ፎቶ እንነሳለን። «ስንት ዓመቱ ነው?» ብለን ጠይቀን «ስልሳ አምስት» ሲባል አፋችንን ይዘን «አይ ፈረንጅ! ሕይወት ያውቁበታል» እንላለን። ሞተሩ ያው ሞተር ነው፤ ሽበቱ ያው ሽበት ነው፤ መንገዱም ያው በድልብ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ነው። የእኛው መምህር ሲነዳው ግን «ጡረታው ናላውን አዞረው» ይባላል።

ቴድ ሳይመን የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 በአርባ ሁለት ዓመቱ ከለንደን ትራያምፍ ሞተሩን አስነስቶ ዓለምን ሲዞር አራት ዓመት ፈጀ፤ በሱዳን አድርጎ በመተማ ገብቶ በእኛም አገር አልፏል። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ብዙ ፈረንጅ ለጉዞ አስነስቷል። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው እ.ኤ.አ. በ2001፣ ሰባ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ያንኑ ጉዞ እንደገና መጀመሩ ነው። በአርባ ሁለት ዓመት ያየው ዓለም በሰባ ሲታይ ሌላ ዓለም ሆኖ አገኘውና ሌላ መጽሐፍ ጻፈ። ልጆቹ ሽማግሌ ስለ መላካቸው የተጻፈ ነገር አላነበብኩም።

ወደ ግጥሙ ልምጣ፤ ይኼ የራሴ ሰፈር ነው። ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩበት ዘመን ቀላል አይደለም። አሁንም በየመድረኩ የምሰማው አንድ ነገር አለ፦ ግጥም የወጣት ነው። ግጥም እሳት ነው፣ እሳት ደግሞ ሃያ ዓመት ላይ ነው የሚነደው ይላሉ። አንዱ ወጣት ገጣሚ እንዲያውም ማይክራፎን ይዞ፣ ከአርባ በኋላ የሚጻፍ ግጥም «የአገልግሎት ዘመኑ ያለፈበት መድኃኒት» ነው ሲል ሰምቼዋለሁ። ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው። አዳራሹ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ዕድሜያችን የገፋ ሦስት ብቻ ነበርን፤ አንደኛው ዘበኛው ነው።

ይህ አስተሳሰብ ከየት መጣ? ከወሎ አልመጣም። ከፊሉ ከእንግሊዞች ነው። ኪትስ በ25 ዓመቱ፣ ሼሊ በ29፣ ባይረን በ36 ሞቱ፤ የዓለም የመማሪያ መጻሕፍት ደግሞ በልጅነት የሞተ ገጣሚ ይወዳሉ። ከፊሉ ከራሳችን ታሪክ ነው። በ1950ዎቹ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድሮች ላይ የታምሩ ፈይሳ «ደኻው ይናገራል»፣ የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ «በረከተ መርገም» እና ሌሎቹም ንጉሡንና ሥርዓቱን ካስደነገጡ ወዲህ፣ በተማረው ሰው አእምሮ ውስጥ ገጣሚ ማለት የተቆጣ ተማሪ ማለት ሆኖ ቀረ። ትልቅ ዘመን ነበር፤ አልክድም። ግን የአንድ ትውልድ ታሪክ የጥበብ ሕግ አይደለም።

የወሎን ሽማግሌ ጠይቁት እስቲ፣ ግጥም የማን ነው? ከሐራ ብዙም ሳትርቁ በየጁ ዳና አለላችሁ፤ የዳና ሼሆች ስም ከመንዙማ ጋር የተሳሰረ ነው። ሼህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር በዐረብ ፊደል በአማርኛ ቃል የገጠሙት በወጣት መድረክ ላይ ለመጨብጨብ አልነበረም። መንዙማ ጺም ያለው ጥበብ ነው፤ ሲያረጅ ይጣፍጣል እንጂ አይነቅዝም። ወደ ደጋው ውጡ ደግሞ፤ ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የሚጠራ የቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪው ልጅ ሊሆን ይችላል፤ የቅኔ መምህሩ ግን ሽማግሌ ነው፤ ሞት እስኪወስደውም ይቀኛል። ሙሾውስ? በሐብሩ ለቅሶ ላይ ሙሾ የሚያወርደው ማን ነው? የሃያ ዓመት ልጃገረድ? ኧረ የለም! አምስት ስድስት ሰው የቀበሩ ሴቶች ናቸው። ግጥም ዕድሜ ይጠይቃል ማለት ይኸ ነው፤ የሚያለቅሱለት ሰው ያስፈልጋል።

የግድ ፈረንጅ ምሥክር ካስፈለገ ደግሞ ቶማስ ሃርዲ አለ። በልቦለድ ዝናው የገነነ ሰው ነበር። ወጣት ሳለም ግጥም ይሞክር ነበር፤ ግን የመጀመሪያውን የግጥም መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1898፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ ልቦለዱን ትቶ እስኪሞት ድረስ ግጥም ጻፈ። እርግፍ አድርጎ የተወው ለጥበብ አርጅቻለሁ ብሎ አይደለም፤ የቀረው ጊዜ ለግጥም እንጂ ለልቦለድ ጣጣ አይበቃም ብሎ ይመስለኛል። ከእኛዎቹ ሰሎሞን ደሬሳ «ልጅነት»ን በ1963 አሳትሞ ሁለተኛውን የግጥም መጽሐፉን ያወጣው በ1990ዎቹ ነው፤ በመካከሉ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ ገጣሚ ባይሆኑም ሳልጠቅሳቸው አላልፍም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ሲወጣ ሃምሳ ስድስት ዓመት ገደማቸው ነበር። «የልምዣት» ሲታተም ሰባ አምስትን አልፈው ነበር። በሃምሳ አምስት ዓመታቸው አንድ ተቆርቋሪ ዘመድ መጥቶ «ክቡርነትዎ፣ በዚህ ዕድሜ ልብ ወለድ?» ብሎ ቢያሳፍራቸው ኖሮ ሰብለ ወንጌልን የት እናገኛት ነበር?

አሁን ደግሞ በሌላኛው ወገን ልቁም፤ ለጡረተኛ ገጣሚዎች ጥብቅና ቆሞ ሁሉንም ማድነቅ አይቻልም። ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ወር ግጥም ጀምሮ በስድስተኛው ወር መጽሐፍ የሚያሳትም ሰው በዝቷል። ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ያስፈቅዳል፣ አንድ ምክትል ኃላፊ የክብር እንግዳ ይሆናል፣ ኬክ ይቆረሳል። መጽሐፉን ስትገልጡት «አገሬ» ከ«ፍቅሬ» ጋር ቤት ይመታል፣ «እናት» ከ«ጽናት» ጋር። እንዲህ ያለው ሰው ችግሩ ዘግይቶ መጀመሩ አይደለም። ተማሪ ለመሆን አለመፍቀዱ ነው። ሠላሳ ዓመት አለቃ የነበረ ሰው ተማሪ መሆን ይከብደዋል። የወል ቤት ስድስት ስድስት ሆኖ እንደሚከፈል ለማወቅ ጣቱን ማጠፍና መቁጠር ያሳፍረዋል። ወዳጄ፣ አሥራ ሁለቱን ቀለም ቁጠር! መቁጠር የሚያሳፍርህ ከሆነ ግጥሙን ተወው፤ ሚስጥርህን ለሚስትህ ንገራት።

የሐራው መምህር የሚሻለኝ ለዚህ ነው። ሞተር አስተማሪው የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ የቀድሞ ተማሪው። ልጁ «ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁት እንጂ!» እያለ ሲቆጣው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ሞተሩ ጠፍቶ ገበያ መሐል ሲቀር፣ ልጆች ሲስቁ፣ ወርዶ ይገፋል። ካንዴላ መፍታትና ማጽዳት ተምሯል። ጎሚስታው ዘንድ ቆሞ እንዴት እንደሚለጠፍ ይጠይቃል። እንዲህ የተማረ ሰው ወደ ግጥሙም ሲመጣ እንዲሁ ነው፤ የሰማውን ሙሾ እንዳለ ይጽፈዋል፣ የራሱን ከጎኑ ያስቀምጣል፣ የራሱ ደካማ መሆኑን ያያል፣ ይሰርዘዋል። ደብተሩን አይቼዋለሁ። ከተጻፈው የተሰረዘው ይበዛል። ከላይ ያልኩት ወጣት ገጣሚ ደብተር ላይ ስንት ስርዝ እንዳለ ባውቅ ደስ ይለኛል።

ለምን ሞተር? ይህን እኔም ጠይቄዋለሁ። ቅጥቅጥ ውስጥ ገብተህ ከመርሳ ወልዲያ ስትሄድ ሾፌሩ የወደደውን ሙዚቃ ትሰማለህ፣ ረዳቱ ያዘዘህ ቦታ ትቀመጣለህ፣ መቆም የምትፈልግበት ቦታ አትቆምም። አንዲት እናት ደጃፏ ላይ እየፈተለች ስታንጎራጉር ሰምተህ «ወራጅ አለ» ብትል እንኳ ሾፌሩ የሚያቆምልህ ሁለት ኪሎ ሜትር አልፎ ነው። ጊራናን፣ ሲሪንቃን፣ ውርጌሳን፣ ማሽላው ውስጥ የምትገባውን እያንዳንዷን ጠባብ መንገድ መኪና አያውቃትም። በእግር እንዳይሄድ ጉልበቱ ይከዳዋል። በቅሎ እንዳይገዛ የበቅሎ ዋጋ ሰማይ ነው፤ ገለባውም እንደዚያው። ሞተር የጡረተኛ በቅሎ ነው አለኝ። አባቶቻችን በስልሳ ዓመታቸው በበቅሎ ገደል ሲወጡ «ሰው ምን ይላል» ያላቸው አልነበረም፤ የበቅሎ መውደቅም ከሞተር መውደቅ አይተናነስም።

ስለ አደጋው የሚነሳው ሥጋት ግን ተራ ነገር አይደለም፤ አላቃልለውም። ዓይንም ጆሮም በስልሳ ዓመት እንደ ሃያው አይደለም፤ የተሰበረ አጥንትም ቶሎ አይገጥምም። ስለዚህ ሄልሜት ይደረግ፤ ከመሸ አይነዳ፤ ዓይን ይመረመር፤ ዝናብ ሲጥል ይቆም። ሽማግሌዎቹም በመጨረሻ የተስማሙት በዚህ ነው፤ ጥሩ ስምምነት ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር። በመንገዳችን ላይ ከሚሞተው ሰው ብዙው ሞተረኛ አይደለም፤ በእግሩ የሚሄድ ነው። «ለሕይወትህ አስብ» የሚሉት ልጆች ያንኑ አባት ገበያ ቀን አስፋልት ዳር በእግሩ ጤፍ ተሸክሞ እንዲመጣ ሲልኩት አልተጨነቁም።

ከሁሉ የሚከብደው ክርክር ሌላ ነው። «አገር እየነደደ ግጥም? ሰው በመንገድ እየታገተ ሞተር?» የሚለው። ይህን የሚል ሰው አላፌዝበትም። ወልዲያና መርሳ በነሐሴ 2013 በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው እስከ ታኅሣሥ 2014 ምን እንዳለፈባቸው እዚያ የነበረ ያውቃል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ውስጥ ሌላ ውጊያ ተቀሰቀሰ፤ መንገድ በጥይት የሚከፈትና የሚዘጋ ሆነ። መምህሩም መንገዱ የከፋ ቀን ሞተሩን ሸራ አልብሶ በእግሩ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል። ቤንዚንም በሃይላንድ ተሞልቶ የሚሸጠው ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ግን ክርክሩን ገልብጣችሁ እዩት። ይህ ሰው በ1957 ነው የተወለደው። የ66ቱ ረሃብ ሲገባ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። የ77ቱ ሲመጣ ሃያ ዓመቱ። ጦርነቱ ደጁ ሲደርስ ሃምሳ ስድስት። ሦስቱንም በዓይኑ አይቷል፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰው ቀብሯል። የ66ቱን ረሃብ በልጅ ዓይን ያየ፣ የእነዚያን ሴቶች ሙሾ በጆሮው የሰማ ሰው በሐብሩ ውስጥ ከዓመት ዓመት እያነሰ ነው። ሙሾ አውራጇ ስትሞት ለሌላው ያወረደችው ሁሉ አብሯት ይቀበራል፤ ለእሷ የሚያወርድላትም አይገኝም። እንግዲህ ይህን ለመሰብሰብ የትኛውን ዕድሜ እንጠብቅ? የትኛውን ሰላም? አገር የሚነድ ከሆነ ከእሳቱ ውስጥ ዕቃ የሚያወጣ ሰው «ቁጭ በል፣ አትሩጥ፣ ሽማግሌ ነህ» አይባልም።

ስለ ሴቶቹ ያልኩትን ልጨርስ፤ ጀምሬ ተውኩት። መምህሩ የሚለቅማቸው ግጥሞች ባለቤቶች ሁሉም ከሃምሳ በላይ የሆኑ እናቶች ናቸው። እሱ ገጣሚ ሊባል ነው፤ እነሱ «አልቃሽ» ነው የሚባሉት። ከእነሱ አንዷ ብትነሳና «እኔም ልጻፍ፣ እኔም ልንዳ» ብትል ሽማግሌ አይላክባትም፤ ጸበል ወይም ዱዓ ነው የሚወስዷት። ይህን ለመምህሩ ነግሬዋለሁ። ዝም አለ። በሳምንቱ ግን የእያንዳንዷን እናት ስም ከግጥሟ ሥር መጻፍ መጀመሩን ነገረኝ። አንዷማ «ስሜን እንዴት ነው የምትጽፈው?» ብላ ጠይቃ ፊደል ቁጠሪ ብሎ ጀምሮላታል። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። «በዚህ ዕድሜ?» በሏት እስቲ፣ ደፋር ካላችሁ!

ከከሳሾቹ ይልቅ የምከስሰው ሌላ አካል አለ፤ ትምህርት ቤቶቻችንን። ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ደሴም አላት። በሁለቱም የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ይሰጣል፤ በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጻፋል። ከእነዚህ ጽሑፎች ስንቱ መደርደሪያ ላይ እንደተኛ የሚያውቀው አቧራው ብቻ ነው። የቅዳሜ ከሰዓት አንድ ክፍል ከፍቶ ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ያለ ፈተና፣ ያለ ዲግሪ፣ ያለ ክፍያ ገብቶ ስለ ግጥም ቤት አመታት የሚማርበት፣ እሱም በተራው የሚያውቀውን መንዙማና ሙሾ ለወጣቶቹ የሚያስቀዳበት ሰዓት መመደብ ምን ያህል በጀት ይጠይቃል? ጠመኔና አንድ መምህር ነው። ለስብሰባ የሚገዛው የታሸገ ውኃ ዋጋ ይበቃዋል።

ማስታወቂያው የወጣ ቀን የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ማን እንደሚሆን ከአሁኑ አውቃለሁ። ከሐራ ነው የሚመጣው፤ ከኋላው አንዲት ደብተር የያዙ እናት ቢያፈናጥጥም አይደንቀኝም። ዩኒቨርሲቲው ለሞተሩ ጥላ ያለው ማቆሚያ ብቻ ያዘጋጅለት፤ ለእሷ ደግሞ ሁለተኛ ሄልሜት።